ለቅዳሜ ጥቁሯን ኳስ ያዝ

ሀዲስ፣

ከሥራ እስክትመለስ ልጠብቅህ አልቻልሁም። አባቴ ስለታመሙ ወደ እንፍራንዝ መሄዴ ነው፤ ባጃጁ በር ላይ ቆሟል።

ትናንት ቦውሊንግ ቤቱ ገብቼ ለቅዳሜው ግጥሚያ ወለሉን ዘይት ሲቀቡት አየሁ። ከወትሮው አርቀው ነው የቀቡት። ሰማያዊዋ ኳስ ለስላሳ ናት፤ ተንሸራትታ ቀጥ ብላ ትሄዳለች እንጂ መጨረሻ ላይ ወደ እንጨቶቹ አትታጠፍልህም።

ጥቁሯን ያዝ። ሻካራ ስለሆነች ዘይት ላይም ወለሉን ቆንጥጣ ትታጠፋለች። በወረወርሃት ቁጥር ጥረጋት፤ ፎጣውን አጥቤ አልጋህ ላይ አድርጌዋለሁ።

ባለፈው ግጥሚያ ሰማያዊዋን ያስያዝሁህ እኔ ነኝ። "ወለሉን አይተኸዋል?" ስትለኝ "አይቸዋለሁ" አልሁህ።
አላየሁትም ነበር።
ተሸንፈህ ሰው ሲስቅብህም "ጥፋቱ የእኔ ነው" ማለት አቃተኝ።

ይኸው ሁለት ሳምንት አንድ ቤት እየኖርን ለየብቻችን እንበላለን። ከሥራ ስትገባ ኮቴህን እሰማለሁ፤ ዛሬስ ታናግረኛለህ ብየ እጠብቃለሁ፤ አንተ ግን ክፍልህን ትዘጋለህ።

ምስር ሠርቻለሁ። ሳላስበው ለሁለት ሰው አደረግሁት፤ ሁሉንም ብላው።

ቅዳሜ ብታሸንፍም ባታሸንፍም…
እንፍራንዝ ኔትወርክ አለ።

ፍቅረ ማርያም