በቴሌቪዥን ስለታረቁት ሁለቱ ወንድሞቼ

ለተከበሩ የጣቢያው የድራማ ክፍል ኃላፊ፣

ጤናዎ እንዲበረታ፣ ተመልካችዎም እንዳይጎድል ከልብ እየተመኘሁ ይህን የምጽፍልዎ የኔቪልና የክላይቭ ኦክሊ እህት ኢልማ ነኝ። አንድ ባለሀብት ከአገሩ የክሪኬት ጨዋታ ማኅበር ጋር ተጣልቶ፣ ተጫዋቾቹን አስኮብልሎ የራሱን ውድድር ስላቋቋመበት ዘመን ባቀረቡልን ተከታታይ ድራማ ውስጥ ወንድሞቼን ከነስማቸው ስላስገቧቸው፣ ከቤተሰቡ የቀረነው እኔና ኔቪል ታላቅ ክብር ተሰምቶናል።

አንደኛ፣ ባለሀብቱን ስላሳመሩልን አመሰግናለሁ። በየክፍሉ ይቆጣል፣ ይቀልዳል፣ ያሸንፋል፤ እኛ ቤት ስላፈረሰው ነገር ለማሰብ ጊዜ እንዳላገኘ በሚገባ አስረድተዋል።

ሁለተኛ፣ እውነቱ አሰልቺ መሆኑን ስላሳወቁኝ አመሰግናለሁ። እውነቱ እንዲህ ነበር፦ ሁለቱም የክሪኬት ተጫዋቾች ነበሩ፤ ኳስ በዱላ መቺው ኔቪል ወደ ባለሀብቱ ውድድር ሄደ፣ ኳስ ወርዋሪው ክላይቭ ከማኅበሩ ጋር ቀረ። የከተማችን ክለብ ኔቪልን ለማባረር በተሰበሰበ ጊዜ ክላይቭ ይባረር ብሎ እጁን ሲያወጣ፣ ኔቪል በሩ አጠገብ ቆሞ ያይ ነበር። ከዚያ ወዲያ አልተነጋገሩም። ባለሀብቱና ማኅበሩ ብዙም ሳይቆዩ ምሳ በልተው ታረቁ፤ ለወንድሞቼ ግን ጠቡ ማብቃቱን የነገራቸው የለም። እናታችን የገናን ማዕድ ቀትር ላይ ለአንዱ፣ አመሻሽ ላይ ለሌላው ስታቀርብ ኖራ አለፈች። ክላይቭ ልቡ ቀጥ ብሎ የሞተ ጊዜም በቀብሩ ዕለት ኔቪልን ሙሉ ልብሱን ለብሶ ከቤተ ክርስቲያኑ ማዶ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ አገኘሁት። መስኮቱን ባንኳኳ፣ ብለምነው፣ አልወረደም።

ይህን ሁሉ ቤቴ ድረስ ለመጣችው ጸሐፊዎ ሻይ አቅርቤ ነገርኳት። ደግ ልጅ ናት፣ ዕንባዋንም ጠርጋለች። በመጨረሻ መቼ እንደታረቁ ስትጠይቀኝ አልታረቁም አልኳት። እርስዎ ግን በመጨረሻው ክፍል፣ ዝናብ እየወረደ፣ ባዶው ሜዳ መካከል አስተቃቀፏቸው። ያን ያህል ቀላል መሆኑን ብናውቅ ኖሮ እናቴ ዝናብ በጠበቀች ነበር።

ሦስተኛውን ምስጋና ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። ኔቪል ዛሬ ያለው በአረጋውያን መጦሪያ ነው፤ አእምሮው ከድቶታል። ሠራተኞቹ ሊያከብሩት ብለው፣ ትልቁን አዳራሽ አስውበው፣ የመጨረሻውን ክፍል አሳዩት። መተቃቀፉን ሲያይ አለቀሰ። በማግስቱ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ መግቢያው አጠገብ ተቀመጠ፤ ክላይቭን እየጠበቀ ነው።

መጀመሪያ እውነቱን ነገርኩት። እንደ አዲስ መርዶ ተቀበለው፣ አለቀሰ፣ አመሻሹ ላይ ረሳው፣ በማግስቱም እዚያው ወንበር ላይ ተገኘ። ደግሜ አረዳሁት። ከዚያ ወዲያ ግን አቅቶኝ መንገዱ ተዘጋግቶበት ነው፣ መኪናው ተበላሽቶበት ነው እያልኩ እርስዎ የጀመሩትን ድራማ በየቀኑ እቀጥላለሁ።

ባለፈው እሑድ ድንገት ጠራ ባለ ዓይን አየኝና፣ «ኢልማ፣ ቴሌቪዥኑ ላይ ያቀፈኝ ማን ነበር?» አለኝ።

«ተዋናይ ነው» አልኩት።

«ታዲያ ክላይቭ መቼ ነው የሚያቅፈኝ?»

ለዚህ የሚሆን መልስ ከጸሐፊዎ ዘንድ ካለ እንዲልኩልኝ በታላቅ አክብሮት እማጸናለሁ። የለም እንዳይሉኝም አልሰጋም፤ የሌለውን መፍጠር ሙያዎ ነውና።

ያላለቀውን ክፍል እየኖርኩ፣ ለሙያዎ ካለኝ ወሰን የለሽ አድናቆት ጋር፣
ኢልማ ኦክሊ

ተጨማሪ፦ ክላይቭን ሆኖ የተጫወተው ሰው አንድ ከሰዓት መጥቶ፣ ምንም ሳይናገር፣ ከወንድሜ ጎን እንዲቀመጥልን ለቢሮዎ ማመልከቴን ያስታውሱ ይሆናል። በሌላ ቀረጻ መጠመዱን ገልጸው ስለላኩልን የተፈረመበት ፎቶግራፉ አመሰግናለሁ። ኔቪል አገላብጦ አየውና፣ በትሕትና መልሶ ሰጠኝ፤ የማያውቀው ሰው ነበር።