ከመደቡ ሥር የተገኘው ውሃ

ይድረስ ለውድ እህቴ ለእትዬ ሙሉነሽ ገብረኪዳን፤ ደብረ ማርቆስ።

እትዬ፣ ክረምቱን እንዴት ከረማችሁ? ወገብሽስ ተሻለሽ? ጋሼ ወልደዮሐንስ፣ ልጆቹ፣ ከብቱም ሰላም ነው ወይ? እኔና ባለቤቴ ሐረግወይን፣ አምላክ ይመስገን፣ ደኅና ነን። ደኅና ነን የምልሽም ለወጉ አይደለም።

በሰኔ እግሬ እንዳበጠ ስጽፍልሽ፣ «የሰው እጅ አለበት፤ ጎረቤቶችህን ተጠንቀቅ» ብለሽ መልሰሽልኝ ነበር። ያንን ይዤ ያደረግሁትን ልንገርሽ። ከአጥራችን ማዶ ወይዘሮ ድርቤ የሚባሉ ባልቴት አሉ። ነቀምቴ ከመጣን ጀምሮ በቅል እርጎ ሲልኩልን የኖሩ ሴት ናቸው። ሕመሙ የጀመረኝ እርጎአቸውን በጠጣሁ ማግሥት ነበርና በእሳቸው ፈረድሁ። ቅላቸውን ደጃቸው ላይ ወረወርሁት። ሐረግወይንንም ስማቸውን እንዳታነሺብኝ አልኋት። እሳቸው ቅሉን አንሥተው ገቡ።

ሕመሙ ግን ባሰ። ጉልበቴ አልታጠፍ አለ፤ ሰውነቴ እንደ ራሰ ጋቢ ከበደኝ፤ አፌም መረረኝ። ከቆዳ መጋዘኑ ሥራ ቀረሁ። ሐኪም ቤት ሄጄ መርፌ ተወጋሁ፤ ለጥቂት ቀን ቀለል ይለኝና ይመለሳል።

በነሐሴ የሥራ ባልደረባዬ ታፋ ሊጠይቀኝ መጣ። ታፋ ኮሪያ ዘምቶ የተመለሰ ሰው ነው። እዚያ ጉልበቱን ሲያመው አንድ ሽማግሌ ቻይናዊ ባለመድኃኒት አክሞት ነበር። «ምላስህን አውጣ» አለኝ። አየና፣ «ቢጫ ለብሷል። ሽማግሌው ይህን የእርጥበትና የሙቀት ሕመም ይለው ነበር። ሁለቱ ሰውነት ውስጥ ሲገናኙ እንደ ረግረግ ይተኛሉ፤ ጠጅና ቅባት ደግሞ ያደልባቸዋል» አለ። ቀጥሎ የት እንደምተኛ ጠየቀኝ። መደቡን አሳየሁት። እጁን በሰሌኑ ሥር ሰዶ ቢያወጣው ረጥቧል።

ያን ጊዜ ሐረግወይን አለቀሰች። «እማማ ድርቤ ከተጣላሃቸው በኋላ እንኳ መንገድ ላይ አስቁመው ነግረውኝ ነበር። ቤታችሁ የቆመው በድሮ ምንጭ ላይ ነው፤ ክረምት ሲገባ ይፈልቃል አሉኝ። ስማቸውን አታንሺ ስላልኸኝ ዝም አልሁ» አለችኝ። እትዬ፣ ከእግሬ ይልቅ ይህ አመመኝ።

ታፋ መደቡን በዶማ ሲያፈርሰው ውሃው ኩልል ብሎ ወጣ። ቦይ ቆፍረን ወደ ውጭ መለስነው፤ የጠፍር አልጋም አሠራን። ታፋ እንዳዘዘኝ ጠጅና ቅቤ ተውሁ። የገብስ ውሃ በትኩሱ እጠጣለሁ፤ የራሰ ልብስ ሰውነቴ ላይ አላደርቅም፤ ጠዋት ጠዋትም ላብ እስኪያቸፈችፈኝ እራመዳለሁ። መስከረም ሲያልቅ እብጠቱ ጎደለ። መርፌው ይሁን፣ ገብሱ ይሁን፣ አልጋው ይሁን አላውቅም፤ ብቻ ወደ ሥራዬ ተመልሻለሁ።

ባለፈው እሑድ ወይዘሮ ድርቤ ደጅ ሄጄ ቆምሁ። ያሰብሁትን ንግግር ሁሉ ረሳሁትና «በድዬዎታለሁ» ብቻ አልሁ። «ኮቱ፣ ታኢ» አሉኝ፤ ና ተቀመጥ ማለታቸው ነው። «እግርህ ገና አልጠናም» ብለው በርጩማ ሳቡልኝ። ይቅር ብዬሃለሁ አላሉኝም። እኔም አላስቸኮልኋቸውም።

እትዬ፣ ስለጻፍሽው አልተቀየምሁሽም፤ ፈልጌ የሰማሁት እኔው ነኝ። አንቺም ግን ስለ ወገብሽ ማንንም ከማማትሽ በፊት የምትተኚበትን መደብ ሥሩን እዪው።

ጋሼ ወልደዮሐንስን እጅ ነሥቻለሁ በዪልኝ። ልጅሽን ሸዋርጋን ሁለት ጉንጮቿን ሳሚልኝ። ሐረግወይን ሁላችሁንም በያላችሁበት ሰላም ብላለች።

ወንድምሽ ተድላ ገብረኪዳን
ነቀምቴ፣ ጨለለቂ
ኅዳር ፬ ቀን ፲፱፻፵፰ ዓ.ም.