ከእመቤታችን እግር ሥር ያለው ባዶ ቦታ

ለልጄ አባት፣ ለገብሬ፤

እንዴት ነህ ልበልህ? ከተለያየን ይኸው ሁለት ክረምት አለፈ። ባስቆጠርከኝ ፊደል ነው የምጽፍልህ፤ ቢንጋደድም አትሳቅብኝ።

ቆቦ ዘንድሮ ዝናብ አግኝታለች። ማሽላው የቆመ ሰው ይሰውራል። ልጃችን ሞገስ አፉን ፈትቷል፤ በቁጣው ቁርጥ አንተን ነው።

ቤተ ክርስቲያን በገባሁ ቁጥር ያን ሥዕልህን አያለሁ። እመቤታችን ልጇን ታቅፋ፣ ከውስጥ ቀይ ለብሳ፣ ከላይ ሰማያዊ ደርባ፣ ትከሻዋ ላይ ኮከብ። ይኼ እንደ ወጉ ነው። ከኋላዋ ግን የኛን ሜዳ እስከ ዞብል ተራራ ድረስ ዘረጋኸው፤ ያውም ማሽላ አልብሰህ። አገር ምድሩ ደርቆ ሳለ! ምን ያህል እንደተናደድኩብህ ታውቃለህ። ልጄ ጡቴን ቢስበው ባዶ፣ አንተ እዚያ አረንጓዴ ቀለም ትበጠብጣለህ። ለካ በጎብዬ መንገድ የሚመጣው ረሃብተኛ ሥዕሉ ሥር ቁጭ ብሎ ያንን ሜዳ ያይ ነበር። አንዲት እናት የተሳለውን እሸት በጣቷ ስትነካ አየኋት። ከዚያ ወዲያ ቁጣዬ በረደልኝ።

አሁን የጨነቀኝን ልንገርህ። ሥዕሉን ያሠራው ሰውዬ ከብቱን ነድቶ ወደ አፋር እንደወረደ ቀረ። እሱ ተደፍቶ ሲማፀን ልትስልበት የተውከው ቦታ፣ ከእግሯ ሥር፣ እስካሁን ባዶ ነው። ካህናቱ መከሩና፣ በባዶ ሆዱ የጨረሰው ገብሬ ስለሆነ እሱ ይሳልበት አሉ። ደስ አለኝ፤ አለቀስኩም። ከዋጃ የመጣው ሰዓሊ አያውቅህምና መልኩን ንገሪኝ ቢለኝ ግን እስከ ነገ ጠብቀኝ አልኩት። ዓይኔን ስጨፍን የሚመጣብኝ ረሃቡ ሲወስድህ ያየሁት የመጨረሻው ፊትህ ብቻ ነው፤ ጉንጭህ ገብቶ፣ ዓይንህ ብቻ ቀርቶ። ያ ሳቂታው ፊትህ ወዴት ሄደብኝ?

በህልሜስ ትመጣለህ፤ ሁልጊዜ እዚያ በሳልከው ማሽላ ውስጥ። ነፋስ የለም፣ ማሽላው ግን ይወዛወዛል። እመቤታችን ልጇን እንዳቀፈች ከዳር ቆማ ታየናለች። አንተ ጀርባህን ሰጥተኸኝ ትሄዳለህ፤ ስጠራህ ትቆማለህ፣ አትዞርም። ምን አድርጌህ ነው? ስከተልህ አድሬ ጠዋት እግሬ ዝሎ እነሳለሁ።

ሰዓሊው እስከ ነገ ይጠብቀኛል። ዛሬ ሌሊት በህልሜ ዞር ብለህ ፊትህን ካሳየኸኝ እሰየው። ካልዞርክም አልቀየምህም፤ የማውቀውን እነግረዋለሁ። ጉንጩን ጎድጎድ አድርገው፣ ዓይኖቹን ግን በሥዕል እንዳሉት ደጋግ ሰዎች ሁለቱንም ክፈትለት እለዋለሁ። ሞገስ አባቴ የቱ ነው ሲለኝ፣ ይኸውልህ፣ ርቦት ሳለ ይህን ሁሉ ማሽላ የሳለው እሱ ነው ብዬ አሳየዋለሁ። ያም ፊት ያንተ ነው፤ አልረሳውም።

ያንተው ጥሩወርቅ