ለኦርሊን ኮምፓይለር ኮሚቴ፦ ስለ ካዛንቺሱ ክሊኒክ ተራ

እጅግ ለተከበራችሁ የኦርሊን የፕሮግራም ቋንቋ ኮምፓይለር አዲስ ቨርዥን አውጪ ኮሚቴ አባላት፣
በያላችሁበት አገር፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናችሁ እንደምን ሰንብቷል እላለሁ። በየስድስት ሳምንቱ አዲስ ቨርዥን የምታወጡ ሰዎች በመሆናችሁ፣ ይህ ደብዳቤ እስኪደርሳችሁ ድረስ እናንተም ራሳችሁ ሳትቀየሩ እንድትቆዩኝ ከልብ እመኛለሁ። እኛ እዚህ ካዛንቺስ ሁለት ጠረጴዛ በምትይዝ ቢሮ ውስጥ፣ መብራትና ኢንተርኔት ተስማምተው በመጡ ቁጥር እየሠራን፣ በጣም ደህና ነን።

ለማታውቁን ራሴን ላስተዋውቅ። እኔ በእናንተ ቋንቋ ፕሮግራም የምጽፍ ሰው ነኝ። ኮምፓይለራችሁ የጻፍኩትን ተቀብሎ ማሽኑ ወደሚገባው ይለውጥልኛል፤ ይህንንም በነፃ ስለሚያደርግ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። በዚሁ ቋንቋ ለሰፈራችን አንድ ክሊኒክ የታካሚዎችን ተራ የሚጠራ ፕሮግራም ሠርቻለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ተራውን በእጃቸው ሲመዘግቡ የኖሩት ሲስተር ሸዋአየሁ፣ መዝገባቸውን ዘግተው ኮምፒውተሩን እንዲያምኑ ለማግባባት ብቻ ሰባት ወር ፈጅቶብኛል።

አሁን እናንተ አገር ላይኖር የሚችል አንድ ልማድ ላስረዳችሁ ይፈቀድልኝ። እዚህ ሐኪም ሲቀጥር ሁሉንም ሰው የሚቀጥረው ለጠዋቱ ሁለት ሰዓት ነው። አርባ ታካሚ ካለ አርባውም «ሁለት ሰዓት ይምጡ» ተብሏል። ማን ቀድሞ እንደሚገባ የሚወሰነው ማን ቀድሞ እንደመጣ ታይቶ ነው፤ ይህን ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም። የእኔም ፕሮግራም ሰዎቹን እንደ አመጣጣቸው ይመዘግብና በቀጠሯቸው ሰዓት ይደረድራቸዋል። የሁሉም ሰዓት አንድ ስለሆነ፣ የእናንተ የመደርደሪያ ትእዛዝ ማንንም ከቦታው ሳያነቃንቅ አራት ዓመት በሰላም ኖረናል።

በዚህ ሰላም መካከል ነው ባለፈው ማክሰኞ ሃምሳ ዘጠነኛው ቨርዥናችሁ የወጣው። ቅሬታዬን በትሕትና በቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. በቨርዥኑ ላይ «የተረጋጋ» የሚል ቃል ስለጻፋችሁበት አመሰግናለሁ። የእኔ ማሽን ይህን ቃል ሲያይ ማንንም ሳይጠይቅ አዲሱን እንዲቀበል አድርጌ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ክሊኒኩ ውስጥ ከተረጋጋው ቨርዥን በስተቀር የተረጋጋ ነገር አልነበረም።

፪ኛ. ለውጡን ሳትነግሩን አልቀራችሁም፤ በዚህ አትታሙም። ሁለት መቶ አሥራ አራት መስመር ካለው መግለጫችሁ ውስጥ መቶ ሰማንያ ሰባተኛው መስመር ላይ፣ እኩል የሆኑ ነገሮች እርስ በርስ ያላቸው ቅደም ተከተል ከእንግዲህ ሊለወጥ እንደሚችልና ይህንንም ማንም እንደማያስተውለው ጽፋችኋል። አርባ ታካሚዎች አንድም የኮድ መስመር ሳያነቡ በአሥር ደቂቃ ውስጥ አስተውለውታል። ለሚቀጥለው ቨርዥን ፈታሽ ከፈለጋችሁ ሁሉም ፈቃደኞች ናቸው፣ ሰዓት ያከብራሉ፣ የሚያስቡትንም ከመናገር ወደኋላ አይሉም።

፫ኛ. ይህ ሁሉ የተደረገው ድርደራው በሴኮንድ ሦስት ሺኛ እንዲፈጥን መሆኑን በደስታ ተረድቻለሁ። ያተረፋችሁልንን ጊዜ ሳንውል ሳናድር ተጠቅመንበታል፤ አንድ ሰዓት ተኩል ተጨቃጨቅንበት።

፬ኛ. ካዛንቺስ ስለ መፍረስና እንደገና ስለ መሠራት ከማንም አትማርም። ሆኖም እዚህ አጥሩ የሚነሳበት ሰው እንኳ ቢያንስ ቀደም ብሎ የሚፈርስ መሆኑን የሚያመለክት ቀለም ይቀባለታል። እናንተም ከስድስት ሳምንት በፊት ትንሽ ቀለም ብታስነኩን ምን ነበረበት?

ለዋናው ጉዳይ ቁጥር አልሰጠሁትም። አቶ ወልደአማኑኤል ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ከጎተራ ኮንዶሚኒየም ተነስተው ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የክሊኒኩን በር የሚያንኳኩት እርሳቸው ናቸው። ያን ዕለት አንደኛ መጥተው ሠላሳ አንደኛ ተጠሩ። መጨረሻ የገቡት ወይዘሮ ፈትያ ደግሞ ገና ወንበር ሳይዙ አንደኛ ተጠሩ። ወይዘሮ ፈትያ የሲስተር ሸዋአየሁ የግድግዳ ጎረቤት ናቸው። ከዚህ በኋላ የተባለውን ለመገመት ኮምፓይለር አያስፈልግም። ወይዘሮ ፈትያ «ተራዬ አይደለም፣ አልገባም» ብለው በሐፍረት ወደ ኋላ ተመለሱ፤ ሰው ግን ይህንንም ተነጋግረውበት ነው አለ። አቶ ወልደአማኑኤል አልጮሁም። «ሲስተር፣ ከእርስዎ እንኳ አልጠበቅሁም» ብቻ አሉ። ሲስተር ሸዋአየሁ መድኃኒት ክፍል ገብተው ሲያለቅሱ አየኋቸው፤ እውነቱን ለመናገር የተናደድኩት ያኔ ነው።

የራሴን ጥፋት አልደብቅም። መመሪያችሁ የመደርደሪያው ትእዛዝ የእኩሎችን ተራ እንደማይጠብቅ ከመጀመሪያውም ጽፎ ኖሯል፤ ያነበብኩት ከጠቡ በኋላ ነው። ፕሮግራሙንም በዚያው ቀን ከሰዓት እያንዳንዱ ሰው የመጣበትን ተራ ቁጥር ጨምሬ አስተካክየዋለሁ። የሲስተርን ስም ግን እኔ ላስተካክለው አልቻልኩም፤ ፕሮግራሙን የሠራሁት እኔ ስለሆንኩ «ተደራጅተው ነው» ተባለ እንጂ የሚያምነኝ አላገኘሁም።

ስለዚህ ልመናዬ አንዲት ናት፦ ተራውን ያመሰቃቀለው የእናንተ ለውጥ እንጂ የሲስተር ሸዋአየሁ ጉርብትና አለመሆኑን የሚገልጽ ሁለት መስመር ደብዳቤ በሩ ላይ እንድንለጥፈው ጻፉልን። ማህተም ቢኖርበት መልካም ነበር፤ እንደሌላችሁ ሰምቼ አዝኛለሁ።

እጅ ነስቼ፣ የወደፊት ቨርዥኖቻችሁን ሁሉ ከሩቅ ለመሳለም ቃል እየገባሁ፣
ሃምሳ ዘጠነኛችሁን የቀመሰው አገልጋያችሁ፣
ዳግም ተከስተ
ካዛንቺስ፣ አዲስ አበባ

በድጋሚ፦ ይህን ጽፌ ሳልልከው፣ «የክሊኒኩን ተራ ያመሰቃቀለው ለውጣችሁ ነው» ብዬ ቀደም ሲል በአቤቱታ ገጻችሁ ላይ ላስገባሁት ማመልከቻ ከመካከላችሁ አንዱ «ሆን ተብሎ የተደረገ ነው፤ ጉዳዩ ተዘግቷል» የሚል መልስ ሰጠኝ። ተርጉሜ ለሲስተር ሸዋአየሁ አነበብኩላቸው። ማመልከቻዬንና መልሳችሁን ከነስማችሁ በአማርኛ አትመው የክሊኒኩን ክብ ማህተም መቱበትና ራሳቸው በሩ ላይ ለጠፉት። አቶ ወልደአማኑኤል መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት፤ ገብተው ሲስተርን ይቅርታ ጠየቁ። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ በሩ ላይ ቆመው፣ ለሚመጣው ሁሉ ስማችሁን በጣታቸው እያሳዩ «ሲስተር አይደሉም፣ እነዚህ ናቸው፤ ራሳቸው አምነዋል» ይላሉ።