ሞልቶ የማያውቀው ባልዲ

ይድረስ ለወለድሽኝ፣ ላሳደግሽኝ፣ ኋላም ለሸጥሽኝ እናቴ። ሰላምታዬ ከደጅሽ ገብቶ ጓዳሽ ድረስ ይዝለቅ። እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽስ? እንቅልፍሽስ? አባዬስ? እኔ ከንዴቴ በቀር አንዳች የሚያመኝ የለም።

እኔና ባሌ ቆሻሻ ለመቀነስ ቆርጠን መነሳታችንን እዚህ መጥተሽ በከረምሽ ጊዜ በዓይንሽ አይተሻል። ፌስታል አጥቤ እንደ ሸሚዝ ገመድ ላይ አሰጣለሁ። የተረፈው ሳይበላ አዲስ ድስት አይጣድም። ሱቅ የምንሄደው ከምሠራበት ልብስ ስፌት ቤት ቁርጥራጭ ሰብስቤ የሰፋሁትን ከረጢት ይዘን ነው። የድንች ልጣጩ፣ የሽንኩርት ገለባው፣ የእንቁላል ቅርፊቱ ደግሞ በረንዳ ላይ ባለው ባልዲ ከአፈርና ከትል ጋር ይገባና በስብሶ ለአትክልቴ ማዳበሪያ ይሆናል። ጉዱ ምን መሰለሽ፣ ባልዲው አይሞላም። ብጨምር ብጨምር ከወገቡ አያልፍም። ትሎቼ ጎበዞች ናቸው ብዬ ኮራሁ።

ኩራቴን ለራሴ ብይዘው ምን ነበረበት? በሕንፃው ስብሰባ ላይ ተነስቼ ሰበክሁ። ጎረቤቱ ሁሉ ባልዲ ገዛ። የኮሚቴው ሰብሳቢ፣ ያ ፊሽካው የምንለው ጡረተኛ የስፖርት አስተማሪ፣ ግቢው ውስጥ ካሉት ሁለት የቆሻሻ ገንዳዎች አንዱ ተነስቶ ቦታው የልጆች መጫወቻ እንዲሆን የእኔን ቃል ይዞ አስወሰነ። ገንዳው ሄደ። ወዲያው የጎረቤቶቼ ባልዲዎች ሞልተው ይገሙ ጀመር። በሬን እያንኳኩ ምስጢሩን ሲጠይቁኝ፣ እንደ ሊቅ ጉሮሮዬን ጠርጌ በፍቅር አማስሉት አልኳቸው። አራተኛ ፎቅ ያለችው ነርስ፣ እኔ ባሌን እንኳ በፍቅር አማስዬ አላውቅም ብላኝ ሄደች።

ያለፈው ሳምንት ሰኞ ስፌት ቤቱ መብራት ጠፋና ቀትር ላይ ወደ ቤት ተመለስኩ። ደረጃው ላይ ማንን ባገኝ ጥሩ ነው? ፀጉር አስተካካዩን አማችሽን። በደንበኛ ፎጣ የተሸፈነ ነገር እንደ ሕፃን አቅፏል። ወዴት ነው ብዬ ብጠይቀው፣ ትሎቹን ላናፍሳቸው ነው አለኝ። እማዬ፣ ትል ሲናፈስ አይተሽ ታውቂያለሽ? ፎጣውን ብገልጠው የባልዲዬ ግማሽ። ለካ እኔ ሥራ በሄድኩ ቁጥር ልጣጩን ፀጉር ቤቱ እየወሰደ ከተቆረጠው ፀጉር ጋር ይጥለዋል። ሲጨንቀው ምስጢሩን ሁሉ ዘረገፈው። ሐሳቡ የእኔ አይደለም፣ እማማ ናቸው ያስተማሩኝ አለ። ከመሄድሽ በፊት ወጥ ቤት ጠርተሽው፣ ይቺ ልጅ ባልዲው ከሞላባት ተስፋ ትቆርጣለች፣ ቀስ እያልክ አጉድልላት ብለሽዋል። በስልክም ሥራው እንዴት ነው እያልሽ ትከታተይው ነበር። እኔ ሞኟ ስለ ፀጉር ቤቱ የምትጠይቂው መስሎኝ፣ አማቷን እንዲህ የምትወድ እናት ስለሰጠኝ አመሰግን ነበር።

እሱስ ባል ነው፤ የታዘዘውን ሲፈጽም ያየሁት ገና አሁን ነው። አንቺ ግን እናቴ ነሽ። እናቱን የሚጠረጥር ማን አለ? ደስ እንዲለኝ ብለሽ ሕንፃ ሙሉ ሰው እንዳሳስት አደረግሽኝ። እሑድ ስብሰባው ላይ ቆሜ፣ ባልዲዬን የሚያጎድለው ትል ሳይሆን ባል ነው አልኩ። ሳቁ እስኪያልቅ ቆሜ ጠበቅሁ። ፊሽካው ግን አልሳቀም። ገንዳው ይመለሳል፣ ለልጆቹም የምትነግሪያቸው አንቺ ነሽ አለኝ። ዛሬ ጠዋት ነገርኳቸው። አንዷ፣ እኛ ምን አጠፋን አለችኝ።

ቆሻሻ መቀነሱን አልተውኩም። ባልዲው በሐቅ ሲሞላ ሳይ ድንቹን በስሱ መላጥ ጀምሬያለሁ። የከነከነኝ ሌላ ነው። ለደስታዬ ብለሽ በልጣጭ ካታለልሽኝ፣ ጉልበቴን ተሽሎኛል፣ መድኃኒቴንም በሰዓቱ እወስዳለሁ የምትዪኝን በምን ልመን? ከዚህ ርቀት ያለኝ ቃልሽ ብቻ ነው። እሱን አታጉድዪብኝ።

ይህን እያነበበልሽ የሚንከተከተውን ወንድሜን ሰላም በይልኝ። ታናሽ እህቴን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ። አማችሽም ሰላምታ አድርሺልኝ ብሎ ነበር፤ በራሱ መስመር ይላክ፣ መስመሩን ታውቁታላችሁ። አባዬን አጥብቀሽ ሳሚልኝ። ሊዋሽ ሲሞክር ጆሮው ስለሚቀላ ምስጢሩን እንዳልነገርሽው እርግጠኛ ነኝ። የዚህን ደብዳቤ መልስ እሱ ይጻፍልኝ፤ ደረጃውን ሰው ሳይደግፍሽ ትወጪ እንደሆነ እሱ ይንገረኝ።

አኩርፋም የምትናፍቅሽ ልጅሽ
ከሦስተኛ ፎቅ፣ ከወጥ ቤቱ መስኮት ሥር
ረቡዕ፣ ኅዳር 14