የረቡዕ ሚዛን

ይድረስ ለምወድሽ፣ ለምሳሳልሽ ታናሽ እህቴ፤

ለመሆኑ እንደምን ሰንብተሻል? ወገብሽን ተሻለሽ? ባልሽስ ሥራ አገኘ? በፎቶ ብቻ የማውቀው ማሙሽ ጥርስ አወጣ? እኔ በጤናዬ ደህና ነኝ፤ ልቤ ግን ደህና አይደለም፣ አልዋሽሽም።

አሁንም እዚያው የካቶሊኮቹ ሕፃናት ማሳደጊያ ነው ያለሁት። ስቀጠር ወላጅ የሌላቸውን ብቻ ነበር የሚያሳድጉት። ዛሬ ሰፈሩ ሁሉ ከእነሱ ቧንቧ ይቀዳል፣ ቁስሉን እነሱ ጋ ያሳጥባል። ትልቋ ሲስተር «እናት ያለውም ልጅ ልጃችን ነው» ብላ ረቡዕ ረቡዕ በሩን ታስከፍታለች። እኔም ከልብስ አጠባ ወጥቼ ሕፃናት እመዝናለሁ። ሳቂ እንግዲህ! ሽንኩርት ስትገዛ እንኳ የምትታለለው እህትሽ! የየልጁ ክብደት የሚጻፍበት ካርድ ላይ ቀይ መስመር አለ። ልጁ ከመስመሩ በታች ከሆነ እናቱ የሳምንት የዱቄት ወተት ይዛ ትሄዳለች፤ ካለፈ ባዶ እጇን ትመለሳለች።

ግድግዳ የምንጋራት ልብስ ሰፊዋ፣ ስታመም ሻይ አፍልታ የምታመጣልኝ፣ አራት ልጆች አሏት። ወተቱን ለአራቱም ነበር የምትበጠብጠው። የመጨረሻውን «ድንቡሼ» እንለው ነበር። ወፈረና መስመሩን በጥቂት አለፈ። ደጄ ላይ ቁጭ ብላ ስታለቅስ አንጀቴን በላችው። ምላሴን ይቁረጠውና «ረቡዕ ጠዋት ጡት ሳታጠቢው አምጪው፣ ሚዛኑ ትንሽ ይቀንሳል» አልኳት። እንዳልኳት አደረገች፤ ወተቱንም አገኘች። ብልጦች የሆንን መስሎን ሁለታችንም ሳቅን።

ለካ ጠዋቱ ብቻ አልበቃትም። ጡት መከልከሉን ቀጥሎ ከማክሰኞ፣ ከዚያም ከሰኞ ጀመረች። እኔ ቁጥሩ በየሳምንቱ ሲወርድ እያየሁ ጻፍኩ፣ ወተቱንም አስታቀፍኳት። ባለፈው ወር ተቅማጥ ያዘው። አቅም ከየት አባቱ ያምጣ! በሁለት ቀን ሞተ።

ለትልቋ ሲስተር ሁሉንም ተናዘዝኩላት። ታባርረኛለች ስል «መስመሩን ያሰመርኩት እኔ ነኝ» አለች። በሳምንቱ ሚዛኑ ፊት አግዳሚ ወንበር አስቀመጠች። አሁን እናቶች መጀመሪያ እዚያ ተቀምጠው ያጠባሉ፣ ከዚያ እንመዝናለን። ቤት ላሉት ታላላቆቻቸውም ወተት ይጨመራል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! ልብስ ሰፊዋ የድንቡሼን ካርድ አምጥታ እጄ ላይ አኖረችው። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ሻይ ማምጣቷንም ተወች።

መልሴ የዘገየብሽ ለዚህ ነው። እናንተም ጋ ልጅ እየመዘኑ እንደሚረዱ ጽፈሽ «አንቺ ሥራው ላይ ነሽና ዘዴ ካለው ንገሪኝ» ብለሽኝ ነበር። ዘዴ የለውም፣ እህቴ። ቢከለክሉሽም ይከልክሉሽ።

የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ። ለአባዬ መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ ንገሪልኝ። ባልሽን አይዞህ በይልኝ። ማሙሽን ደግሞ አጥቢው፤ ጠግቦ ጡቱን ራሱ ሲተው ሁለቱንም ጉንጮቹን ሳሚልኝ።

የማትረሳሽ እህትሽ
ከማሳደጊያው መመዘኛ ክፍል
ረቡዕ፣ ሐምሌ 9 ቀን