ሱቁ በር ላይ የለጠፍኩት ጋዜጣ

ሰኞ፣ ኦገስት 4

ከከተማ ተመልሼ በመንደራችን በከፈትኩት የጋዜጣ ትምህርት ዘጠኝ ተማሪ መጣ። ሁለቱ ተኙ። የጋዜጣ ቃላት አስተማርኩ... አርዕስተ ዜና፣ መግቢያ አንቀጽ፣ የፎቶ መግለጫ፣ ማረሚያ።

«ማረሚያ ምንድን ነው አክስቴ?» አለች ታኒታ።

ጋዜጣ ሲሳሳት፣ በሚቀጥለው እትም ስህተቱን ጠቅሶ ያርማል አልኳት።

«አንቺስ ተሳስተሽ ታውቂያለሽ?»

ከተማ ውስጥ ጋዜጣ ላይ አሥራ አንድ ዓመት ስሠራ አንዴ ብቻ፣ ብዬ ዋሸሁ።

ረቡዕ፣ ኦገስት 6

ታኒታ አያቷን ዱልሲን አነጋግራ ጽፋ መጣች። ዱልሲ ለእኔ የእናቴ እህት ናት። በልጅነቷ አንድ የከብት እርባታ ውስጥ ፈረስ ስትጋልብ የነበረውን... ጥሩ ነው። በጣም ጥሩ! «ስሟን መጀመሪያው መስመር ላይ አምጪው» አልኳት። ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ፣ ለምን። እኔም እንደዚያ ነው የተማርኩት።

ማክሰኞ፣ ኦገስት 12

የተማሪዎቹ ጋዜጣ ስልሳ ቅጂ ታተመ! ፊት ገጹ ላይ ዱልሲ ባርኔጣዋን ወደ ኋላ ገፍታ ትስቃለች። ከሥሩ የታኒታ ስም። የሚታደለው ነገ ነው። እኔ ግን መቼ አስችሎኝ... አንዱን ወስጄ የመንደሩ ሱቅ በር ላይ ለጠፍኩት።

«ዱልሲ ይህን ካየች ከእንግዲህ ማን ይችላታል!» አለ ባለሱቁ።

ረቡዕ፣ ኦገስት 13

ዛሬ ጠዋት የታኒታ አያት ልቧ ቆመ። አለፈች።

ከአሁን በኋላ ስሟን አልጠራም፣ እዚህም አልጽፍም። ቤተሰቡ እስኪፈቅድ ፎቶዋም አይታይም። የእኛ የአገሩ ቀደምት ነዋሪዎች ሐዘን እንዲህ ነው፤ የሟች ስም አይጠራም፣ ምስሉም አይታይም። እናቴን ለሁለተኛ ጊዜ የቀበርኩ ያህል ነው...

ሐሙስ፣ ኦገስት 14

ወንድሟ ክላሪ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ነድቶ መጣ። ሻይ ቅጠል ሊገዛ ሱቅ ጎራ ሲል... በሩ ላይ እህቱ እየሳቀች። ባርኔጣውን ፊቱ ላይ ደፍቶ ተመለሰ አሉኝ።

መለጠፌን ረስቼው ነበር። እንዴት ይረሳል? ሮጬ አነሳሁት። ምን ዋጋ አለው? ሁሉንም ቅጂ ሣጥን ውስጥ ቆለፍኩ።

«አንድ ብቻ ስጪኝ አክስቴ» አለች ታኒታ። «ሌላ ፎቶ የለኝም። መቼ ነው የሚከፈተው?»

ዓመት... ሁለት ዓመት... እኔ እንጃ። አንጀቴን በላችው።

አርብ፣ ኦገስት 15

ማረሚያ ልጽፍ ተቀመጥኩ። ምን ብዬ? ስሟን በማተሜ ይቅርታ ለመጠየቅ እንደገና ስሟን ላትም? ወረቀቱን ጨምድጄ ጣልኩት።

እሑድ፣ ኦገስት 17

ከታኒታ ጋር ሐዘንተኞቹ የሰፈሩበት ሄድን። ክላሪ ዛፍ ሥር ነበር። አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

«አጎቴ፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ልጅቷ የለችበትም።»

ባርኔጣውን ከፊቱ ገፋ አደረገ። 

«ከተማ ኖረሽ፣ ጭንቅላትሽን እዚያው ጥለሽው መጣሽ?»

«አዎ አጎቴ።»

«በይ ሻይ ቅጂልኝ።»

ቀዳሁለት።  ወደ ታኒታ ዞረ።

«የጻፍሽው አንቺ ነሽ? አንብቢልኝ። ስሟን እየዘለልሽ።»

ከደብተሯ አነበበች። ስሙ ጋ ስትደርስ «እሷ» እያለች። ፈረሱ የእርባታውን ጌታ ገንዳ ውስጥ ሲጥለው፣ እሷ በዚያው ፈረስ ላይ ዘላ የወጣችበት ቦታ ላይ ክላሪ ሳቀ። ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ለቅሶ ሆነ። እኔም አልቻልኩም። ታኒታ ደንግጣ ደብተሩን ልትዘጋ ስትል እጇን ያዛት።

«ቀጥይ ልጄ» አለ። «ገና ከፈረሱ አልወረደችም።»